ከራስ ቅል ቀዶ ሕክምና በኋላ ቤቱ የሚገባ ልጅ፦ ቤተሰቡ ምን ይያዝ?

ኤክስቴንሽኗ (ደምበጫ ዙሪያ)
እንዴት ሰነበታችሁ። በቀበሌያችን አንድ የ9 ዓመት ልጅ ማክሰኞ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ይገባል። ከዛፍ ከወደቀ 7 ሳምንቱ ነው። ሆስፒታል ሲደርስ ጂሲኤሱ (የንቃተ ሕሊና መለኪያው) ከ15ቱ 6 ነበር። በግራ በኩል ደም ፈሶ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ የተነሣው የራስ ቅል አጥንት ገና አልተመለሰም። ቀኝ እጅና እግሩ ደካማ ነው፣ የሚባለውን ይሰማል፣ ቃል ግን አይወጣውም። ምግቡ በአፍንጫ ቱቦ ነው። ክብደቱ 25 ኪሎ፣ ማታ ማታ ፌኖባርቢታል (የሚጥል መከላከያ መድኃኒት) ይወስዳል። ቤቱ ከአስፋልቱ የ40 ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ መሬት ላይ የሚነድ ምድጃ፣ የጭቃ መደብ፣ ከጓሮ የጉድጓድ ሽንት ቤት አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊረዳ ዝግጁ ነው፣ ያ ራሱ ትንሽ አስፈርቶኛል። ከመንገዱ ጀምራችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ነርስ_ፍኖተሰላም
እህቴ፣ ከመንገዱ ልጀምር። በቃሬዛ ነው የሚሸከሙት ብዬ ገምቻለሁ። ከመነሣቱ 1 ሰዓት በፊት ምግብ በቱቦ አይሰጠው። የቃሬዛው የራስጌ በኩል ከፍ ይበል፤ ጋቢ አጣጥፋችሁ ከትከሻው ጀምሮ ደግፉት እንጂ ከአንገቱ በታች ብቻ ትራስ አትወትፉ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ሲደፋ አየር ያጥረዋል። አጥንት የሌለበት ግራው በኩል ምንም አይነካው። ቁልቁለት ላይ ራሱ ወደ ላይኛው በኩል እንዲሆን ተሸካሚዎቹ ዞረው ይውረዱ።

ከመውጣቱ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ ሐኪሙን ጠይቂልን፦ አጥንቱ የት ነው ያለው? አንዳንዴ ሆድ ቆዳ ሥር ይቀበርና ቤተሰብ ሳይነገረው ይቀራል። ከዚያ እናት ሆዱ ላይ ጠጣር ነገር ስትዳስስ «እባጭ ወጣበት» ብላ ማሸት ትጀምራለች።

አሁን ቱቦው። ለ25 ኪሎ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ጠቅላላ ፈሳሽ 1600 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው (ለመጀመሪያው 10 ኪሎ 100 ሚሊ በኪሎ፣ ለቀጣዩ 10 ኪሎ 50፣ ከዚያ በላይ ላለው 20)። ሲወጣ የተጻፈለት መጠን ካለ እሱ ይቀድማል። ካልተጻፈ በቀን 6 ጊዜ 250 ሚሊ፣ ከምግቡ በፊትና በኋላ 10 ሚሊ ንጹሕ ውሃ ብታደርጉ እዚያው ይደርሳል። ሲሪንጁ 60 ሚሊ የሚይዘው ይሁን፤ መግፊያውን አውጥታችሁ ከሆዱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ አድርጋችሁ በራሱ ክብደት ይውረድ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። በመግፊያ ተገፍቶ የገባ ምግብ ተመልሶ ይመጣል፣ ወደ ሳንባም ይገባል። ሲመገብና ከዚያ በኋላ 1 ሰዓት ደረቱና ራሱ አንድ ላይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይበሉ።

ሁልጊዜ ከመስጠታችሁ በፊት አፍንጫው ጋ ቱቦው ላይ የተሠመረውን ምልክት እዩ። ምልክቱ ከተንሸራተተ አትስጡ። በሲሪንጅ ሲሳብ የጨጓራ ፈሳሽ መምጣት አለበት። አየር ነፍቶ ሆድ ላይ ማዳመጥ የሚባለው የድሮ ዘዴ አያስተማምንም፣ ቱቦው ሳንባ ውስጥ ሆኖም ድምፅ ይሰማል። ቱቦው ከወጣ ቤት ውስጥ መልሶ መክተት የለም፤ ጤና ጣቢያ።

አጥሚቱ በስስ ነጠላ ይጠለል። በሶና ተልባ በቱቦ አይሞከሩ፤ በሶ ሥር ይዘቅጣል፣ ተልባ ይዝለገለጋል፣ ሁለቱም ይደፍኑታል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወደ 40 ካሎሪ ስለሚጨምር ከሲታ ልጅ ላይ ጥሩ ነው። መድኃኒቱ ለብቻው ደቆ በ10 ሚሊ ውሃ ይሰጥ፣ ከአጥሚት ጋር አይቀላቀል።

የዳሞት_ልጅ
አፉን በውሃ ቢያስለምዱትስ? ውሃ ቀላል ነው ብዬ ነው።

ነርስ_ፍኖተሰላም
ወንድሜ፣ የሚያስቸግረው እሱው ነው። ቀጭን ፈሳሽ ጉሮሮው ሳይዘጋ ሾልኮ ያልፋል። ለደከመ ጉሮሮ የሚሻለው ከማንኪያ ላይ ቀስ እያለ የሚወርድ ወፈር ያለ አጥሚት ነው፤ ውሃ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። ያም ቢሆን መጀመሪያ ባለሙያ መዋጡን አይቶ ሲፈቅድ ብቻ። ሲፈቀድ፦ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ንቁ ይሁን፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ዝቅ ይበል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ እስኪውጥ መጠበቅ። ከዋጠ በኋላ «አ» በሉት፤ ድምፁ ውሃ እንደተሞላ ከተንኮረኮረ፣ ካሳለው፣ ዓይኑ ካነባ አቁሙ። ቀኝ ጉንጩ ውስጥ የቀረ ምግብ በጣት ላይ በተጠቀለለ እርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። በአፉ ምንም ባይበላም ጥርሱ ጠዋትና ማታ ይታጠብ። የቆሸሸ ምራቅ ወደ ሳንባ ሲገባ የሳንባ ምች ያመጣል።

ፊዚዮ_ማርቆስ
አተኛኘትና አቀማመጥ የእኔ ድርሻ ይሁን።

መደቡ አይከፋም፣ ከሚወዛወዝ የሽቦ አልጋ ይሻላል። ከላይ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስፖንጅ ፍራሽ ይኑረው። በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ፤ በስልክ ማንቂያ ሙሉ፣ «ስናስታውስ» የሚባል ሰዓት የለም። በግራ በኩል ሐኪሙ ካልፈቀደ አይተኛም፤ ስለዚህ መቀያየሩ በጀርባና በቀኝ ነው። በቀኝ ሲተኛ ደካማው ትከሻ ከሥሩ ተጨፍልቆ እንዳይቀር ወደ ፊት ሳብ አድርጉት፤ መሳቡ ግን ከትከሻ አጥንቱ ሥር በመዳፍ ነው፣ ክንዱን ይዞ አይደለም። በጀርባው ሲሆን ተረከዞቹ አየር ላይ እንዲንሳፈፉ ከባቱ ሥር የተጣጠፈ ነጠላ አድርጉ። ከጉልበቱ ሥር ትልቅ ትራስ አይቀመጥ፣ ጉልበቱ ታጥፎ ይለምዳል። በተገላበጠ ቁጥር ተረከዝ፣ ከወገብ በታች፣ የራሱ ኋላ፣ ቁርጭምጭሚት ይታይ። ቀይ ሆኖ ተጭነውት ካልነጣ ቁስል እየጀመረ ነው፤ ክብደት ይነሣለት፣ አይታሽ።

ቁርጭምጭሚቱን በቀን 3 ጊዜ፦ ተረከዙን በመዳፍ ያዙ፣ የውስጥ እግሩ ክንዳችሁ ላይ ይረፍ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ራሱ አቅጣጫ ግፉ፣ 30 ሰከንድ ያዙ፣ 5 ጊዜ። ጣቶቹን ብቻ ይዞ መግፋት የእግሩን መሐል ያጥፈዋል እንጂ ጅማቱን አይዘረጋም። ይህ ሥራ ከተዘነጋ ልጁ በኋላ ጉልበት ቢያገኝም በጣት ጫፍ ቆሞ ይቀራል። በአንድ ወር የጠፋ ዲግሪ በአንድ ዓመት አይመለስም እላለሁ ለቤተሰብ፣ ትንሽ አጋንኜ።

መቀመጥ በመጀመሪያው ሳምንት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን 4 ጊዜ፤ ከቻለው በየቀኑ 5 ደቂቃ ጨምሩ። ፊቱ ከነጣ፣ ካላበው፣ ወይም አጥንት የሌለበት ክፍቱ ቦታ በጣም ከሰረጎደና ራሱን ካመመው አስተኙት። ከዚያ ውጪ ክፍቱ ቦታ ሲቀመጥ ትንሽ መሰርጎዱ፣ ሲተኛ መሙላቱ የተለመደ ነው።

አንድ ነገር ተሰምሮበት ይነበብ፦ ከብብቱና ከቀኝ እጁ ጎትታችሁ አታንሡት። ጡንቻው ስለላላ ትከሻው ከቦታው ይንሸራተታል፤ ከዚያ ሕመሙ ወራት ሙሉ ልምምዱን ያስቆማል።

የዳሞት_ልጅ
በእኛ አገር ደንብ ወጌሻ ጠርቶ በቅቤ ማሸት፣ አናቱንም ቅቤ መቀባት ነበር። ይህስ ይቅር?

ፊዚዮ_ማርቆስ
ለእጅና ለእግሩ ቆዳ ለስላሳ መዳበስ ምን ይለዋል፣ እናቱ ታድርገው። የማልስማማው በኃይል ማሸትና የደረቀን መገጣጠሚያ «ቀ» ማሰኘት ላይ ነው። ከከባድ የአንጎል ጉዳት በኋላ ክርንና ዳሌ አካባቢ ጡንቻ ውስጥ አጥንት የሚያበቅልበት ጊዜ አለ፤ በኃይል የተዘረጋ መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ጭራሽ ይቆለፋል። ክርኑ ካበጠና ከሞቀ ወጌሻም እኔም ሳንነካው ሆስፒታል ይሂድ። በቀርከሃ ጠፍሮ ማሰርም የለም፤ ስሜቱ የቀነሰ ልጅ ማሰሪያው ደም ሲያቆምበት አይናገርም። አናት ላይ ቅቤ ደግሞ ስፌቱ ሙሉ በሙሉ ሳይድን አይሞከርም፤ ከዳነ በኋላም በክፍቱ ላይ መዳፍ አይጫን።

አናጢው_ቡሬ
ለወንበር የምትሉትን ልክ ስጡኝ። ዕንጨት እዚህ ሞልቷል፣ ልክ የሌለው ወንበር ነው ችግሩ።

ፊዚዮ_ማርቆስ
አያ፣ እግዜር ይስጥልን። ልጁን ራሱን ለኩት፣ ቁጥሩን ለማነጻጸሪያ ብቻ ውሰዱት። የመቀመጫው ከፍታ ከተረከዝ እስከ ጉልበት ኋላ ነው፣ በዚህ ዕድሜ 34 ሳ.ሜ አካባቢ። ጥልቀቱ ከዳሌ ኋላ እስከ ጉልበት ኋላ ለክታችሁ 3 ሳ.ሜ ቀንሱ፤ ካልቀነሳችሁ ጠርዙ ባቱን ይቆርጠዋል፣ ልጁም ወደ ፊት ይንሸራተታል። ስፋቱ የዳሌው ወርድ ሲደመር 2 ሳ.ሜ በየጎኑ። መደገፊያው እስከ ትከሻ፣ ቀጥ ያለ። ፊት ለፊት የሚነሣ ገበታ ይኑረው፣ ቀኝ ክንዱ የሚያርፍበት። ወገቡ ላይ ሰፊ የጨርቅ ቀበቶ። እግሩ ከተንጠለጠለ ሁሉም ነገር ይበላሻል፤ ሥሩ ሳንቃ ይግባ።

ሁለተኛ ወንበር ለሽንት ቤቱ፦ ያው ልክ፣ መሐሉ 20 ሳ.ሜ የተቦረቦረ፣ በጉድጓዱ ላይ የሚቀመጥ፣ እጀታ በሁለቱም በኩል። ቁጢጥ ማለት ለዚህ ልጅ ለረጅም ጊዜ አይታሰብም።

መቆም ሲጀምር ደግሞ መደገፊያ ሁለት አጠና፦ ውፍረታቸው 5 ሳ.ሜ፣ ርዝመታቸው 3 ሜትር፣ ልጣቸው ተልጦ በብርጭቆ ስባሪ የተፋቀ። ከፍታው ቆሞ እጁን ወደ ታች ሲዘረጋ አንጓው ጋ ነው፣ 65 ሳ.ሜ አካባቢ። በመካከላቸው የዳሌው ወርድ ሲደመር 5 ሳ.ሜ በየጎኑ። ቋሚዎቹ በየ1 ሜትር ተኩሉ፣ 50 ሳ.ሜ ይቀበሩ።

አናጢው_ቡሬ
ቋሚውን በዚያ ጥልቀት ብቻ ብትቀብረው ክረምት ላይ ጭቃው ሲለሰልስ ይወላገዳል። ከታች ጠጠር ወቅጣችሁ አድርጉ፣ ከላይ ደግሞ ሁለቱን ጫፍ በአግዳሚ እሰሩ። ቦታው ከጣሪያው ጠፈጠፍ ውስጥ እንጂ ውጪ አይሁን። የባሕር ዛፍ እርጥቡ ይሰነጠቃል፤ ሁለት ወር የደረቀ ፈልጉ። የወንበሩ የኋላ እግሮች ወደ ኋላ 8 ሳ.ሜ ወጣ ይበሉ፤ ልጁ በድንገት ወደ ኋላ ሲወረወር ቀጥ ያለ እግር ይገለበጣል።

ነርስ_ፍኖተሰላም
አያ የጠቀሱት መወርወር ወደ ሌላ ጉዳይ ወሰደኝ፣ የሚጥል። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም ራሱ ይጥላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና የአንድ ወር ሲቀረው ቀጣዩ ይገዛ፤ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፣ ወንዝ የሚሞላበትም። ልጆች ላይ አንዳንዴ ከማስተኛት ይልቅ ያቁነጠንጣል፣ ያነጫንጫል። ያንን ለሐኪሙ ንገሩ፤ ሌላ ይቀይራል፣ እናንተ አታቁሙት።

ሲጥለው፦ በቀኝ ጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ጋቢ አድርጉ፣ ሰዓት እዩ። ማንኪያ በጥርሱ መሐል፣ ክብሪት በአፍንጫው፣ ውሃ በአፉ፣ ቁልፍ በእጁ አያስፈልግም። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው ወይም ራሱን ከተመታ ወዲያው ወደ ሕክምና።

ምድጃው ነው የሚያስፈራኝ። የሚጥለው ልጅና መሬት ላይ ያለ እሳት አንድ ቤት ውስጥ አይስማሙም። ለእንጀራው ዙሪያው የተዘጋውን ምርት ምድጃ ያግኙ፤ ለወጡ ደግሞ በጉልበት ከፍታ የጭቃ ከፍታ ሠርተው ይንደድ፤ እስከዚያው ዙሪያውን አንድ ሜትር ርቀት ላይ አጥር ይግባ። ወንዝና ጉድጓድም ያለ ሰው አይቀርብም።

ዲያቆን_ብቸና
ስለ ጠበል ማንም ሳይጠይቅ አይቀርምና ልቅደም። የንስሐ አባት ለታመመ ልጅ ጾም አይጭኑም። መድኃኒት ይቁም የሚል የጠበል ሥርዓትም አላውቅም፤ ያን የሚሉት ሰዎች ናቸው። ግን ከከፍታ የሚወርድ ጠበል እዚያ አጥንት በሌለበት ቦታ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ባለሙያዎቹ ይንገሩን።

ነርስ_ፍኖተሰላም
ቆዳና ሽፋኑ ብቻ ነው አንጎሉን የሚለየው፤ የውሃው ምት በቀጥታ ይደርሰዋል። ስለዚህ ካህኑ በእጃቸው ይርጩት፣ በመስቀል ከግራው ርቀው ይዳስሱት። መጠጣቱ በአፉ ሳይሆን ንጹሑ በቱቦ በ10 ሚሊ ይግባለት፤ ቤተሰቡ ጠበሉን አገኘ፣ ሳንባውም ዳነ። ብርድ ላይ አድሮ መሰንበት ግን ይቅር፤ የመድኃኒት ሰዓቱም አይዛነፍ።

መምህርት_ደጀን
ንግግሩን በተመለከተ። ግራ አንጎል ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ቃሉ አለ፣ መንገዱ ነው የጠፋው። «ይህ ምንድን ነው? ንገረኝ እንጂ!» ሲባል ይቆለፋል። ይልቁን ምርጫ ስጡት፦ ጋቢ ወይስ ነጠላ፣ ሁለቱንም እያሳያችሁ። 10 ሰከንድ በልባችሁ ቆጥራችሁ ጠብቁ፤ ካልመጣለት የመጀመሪያውን ድምፅ ስጡት፣ «ጋ...»። ገምት አትበሉት። የማስታወስ ችግር ያለበት ልጅ የገመተውን ስሕተት ነው ይዞ የሚቀረው፤ ትክክለኛውን ቀድማችሁ ንገሩትና ይድገመው። የሚዘመር ነገር ከሚነገር ይቀልለዋል፤ የለመደውን መዝሙር ጀምሩለት፣ መጨረሻዋን ቃል ለእሱ ተዉለት።

ፊደል ገና ነው፣ ግን ጊዜው ሲደርስ የዓይኑን ነገር አስመርምሩ። ቀኙን የማያይ ከሆነ በገበታው ላይ ሳድስና ሳብዑን እየዘለለ «ረሳ» ይባላል። የመስመሩ ቀኝ ጫፍ ላይ ቀይ መስመር አስምሩና እስከዚያ በጣቱ ይሂድ። ሰባቱን ቤት በአንዴ አትጫኑት፤ ግዕዙን ብቻ 3 ፊደል በቀን። ክፍል ውስጥ ከቀኝ ግድግዳ በኩል ይቀመጥ፣ ሰሌዳው በሚያየው በግራው በኩል እንዲውልለት። ሲመለስ በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ከ2 ክፍለ ጊዜ አይበልጥ። ከሰሌዳ መገልበጥ ብቻውን ያደክመዋል፤ ደብተሩን ጓደኛው ይገልብጥለት። ኳስና ዛፍ የለም።

መምህራን የሚሳሳቱት ሦስተኛ ክፍል ላይ «ዳነ» ብለው ሲዘጉት ነው። ልጅ ሲያድግ ትምህርቱ ማቀድና ማገናዘብ ይጠይቃል፤ ቀድሞ ያልታየው ጉድለት ስድስተኛና ሰባተኛ ላይ ብቅ ይላል፣ ያኔ ስንፍና ይባላል። የጉዳቱ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ አብሮት ይለፍ።

ፊዚዮ_ማርቆስ
ከመምህርቷ ጋር አንድ ልጨምር፦ ለቀኝ እጁ የሚሻለው ልምምድ ቤቱ ውስጥ ያለው ሥራ ነው። በቆሎ መፈልፈል ለምሳሌ ሁለት እጅ ይጠይቃል፤ ቀኙ ይያዝ፣ ግራው ይፈልፍል። ዛሬ 20 ፍሬ፣ ቁጥሩ ይጻፍ። እናት አዝናለት ሁሉን ስታደርግለት እጁ ሥራ ፈትቶ ይረሳል። ቁልፉን እሱ ይቆልፍ፣ 5 ደቂቃ ቢፈጅም። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያው 6 ወር ነው፤ ከዚያ በኋላም ይቀጥላል፣ ቀስ ይላል እንጂ።

ኤክስቴንሽኗ (ደምበጫ ዙሪያ)
ጽፌ ጨረስኩ፣ ሁለት ገጽ ሞላ። ጎረቤቶቹስ? ማክሰኞ ግቢው ይሞላል። ሁሉም «እኔን ታውቀኛለህ?» ሊለው ነው።

ነርስ_ፍኖተሰላም
ያ ፈተና ነው ለእሱ። በዚህ ጊዜ የዛሬውን ነገ የማይዝበት፣ የሚደናበርበት፣ ድንገት የሚጮኽበት፣ የሚሳደብበትም ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ ክፋት አይደለም፣ የጉዳቱ ጠባይ ነው። እሱ ያለበት ክፍል በአንድ ጊዜ 2 ሰው፣ 10 ደቂቃ። ቡና ውጪ ይፈላ። የገባ ሰው ራሱን ያስተዋውቅ፦ «እኔ የአጎትህ ልጅ ነኝ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ቤትህ ነህ»። ሲቁነጠነጥ እጁን አትሰሩት፣ ይብስበታል፤ ፍራሹን መሬት አውርዱ፣ ሬዲዮ ዝጉ፣ አንድ ሰው ብቻ ይቅር። ቱቦውን የሚነቅል ከሆነ ወፍራም ካልሲ እጁ ላይ አጥልቁለት። ቀን ሁለት ጊዜ ይተኛ።

ጎረቤት መርዳት ከፈለገ ውሃ ይቅዳ፣ ዕንጨት ይፍለጥ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነሥቶ የሚያገላብጥ ተራ ይግባ። እናትየዋ ብቻዋን 12 ጊዜ በቀን ማገላበጥ ከጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ወገቧ ይያዛል።

ኤክስቴንሽኗ (ደምበጫ ዙሪያ)
ይህ ጥሩ ነው፣ በልማት ቡድኑ ተራ አወጣለታለሁ። ቶሎ ወደ ሆስፒታል የሚመልሱትን ምልክቶች ብቻ በትልቁ ልጻፍ፣ አባትየው ያነባል።

ነርስ_ፍኖተሰላም
ጻፊ፦ ክፍቱ ቦታ ቀና ብሎ ተቀምጦም ጠንክሮ ካበጠ። ደጋግሞ ካስመለሰው። ከትናንት ይበልጥ ከፈዘዘ ወይም የቻለውን ነገር ካቃተው። ትኩሳት። ከአፍንጫው፣ ከጆሮው ወይም ከስፌቱ ጥርት ያለ ውሃ ከጠበጠበ። ሽንቱ ከልክ በላይ በዝቶ ውሃ ውሃ ካሰኘው። ሽንት መቆጣጠር ጀምሮ እንደገና ከለቀቀውና እግሩ ከተሳሰረ፤ ይህ የመጨረሻው አንጎል ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም ወራት ቆይቶም ይመጣል፣ ሰው ግን «ደከመው» ብሎ ያልፈዋል።

ፊዚዮ_ማርቆስ
የሲቲ ፊልሙና የመውጫ ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጭስ ከማይደርስበት ይቀመጥ። የጤና መድህን መታወቂያው መታደሱን አሁኑኑ እዪ፤ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ሳይዙ ቢሄዱ ከኪሳቸው ሊከፍሉ ነው። የቁርጭምጭሚት መደገፊያና ዊልቸር ባሕር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከሉ ይሠራል፤ ለሆስፒታል ቀጠሮው ሲሄዱ በዚያው እንዲለኩት ሪፈሩ ላይ ይጻፍ፣ ሁለት ጊዜ ቃሬዛ ከመሸከም።

አናጢው_ቡሬ
እህት ዓለም፣ የጉልበቱን ልክ ላኪልኝ። ለሁለቱም ወንበር ደረቅ ሳንቃ አለኝ። የራሱን መከለያ ቆብ ግን ከዕንጨት አልሞክርም።

ፊዚዮ_ማርቆስ
ቆቡ ከወፍራም ስፖንጅ ነው አያ፣ 3 ሳ.ሜ፣ ከውጪ ጠንከር ያለ ጨርቅ፣ በግራው በኩል አጥንት ከሌለበት ላይ የተቦረቦረ፤ ስፖንጁ በዙሪያው ባለው አጥንት ላይ እንዲያርፍ እንጂ ክፍቱን እንዳይጫን። ልብስ ሰፊ ይሠራዋል። መቆም በጀመረበት ቀን ሳይሆን መቀመጥ በጀመረበት ቀን ይድረስ።

ኤክስቴንሽኗ (ደምበጫ ዙሪያ)
ሰኞ ሆስፒታል ሄጄ ልኩን በገመድ እይዛለሁ፤ ማታ እዚሁ እጽፈዋለሁ።